ቶረንቱ ለምን ይጎተታል? ፋይል ስንጋራ የሚገጥመን የግንኙነትና የፍጥነት ችግር



የዚህ እትም የቴክኖሎጂ ትምህርታችን ከእናንተው ጥያቄ የተነሣ ነው። «ከትናንት ጀምሮ 3 በመቶ ላይ ቆሟል»፣ «የጓደኛዬ እየወረደ የእኔ እምቢ አለ»፣ «ቶረንት ስከፍት የዶርሙ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ጠፋብን ይላል»። ጥያቄው የተለያየ ይመስላል እንጂ መነሻው አምስት ስድስት ነገር ነው። በመካነ ሰላም ግቢ ላለን ተማሪዎች ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ የማጠናከሪያ ቪዲዮውና ሞጁሉ በጊጋባይት የሚቆጠር ሆኗል። የኮምፒውተር ተማሪው ኡቡንቱ ያስፈልገዋል፤ ዐረብኛ የሚቀራው የብዙ ሺህ ኪታቦች ስብስብ የሆነውን አል-መክተበቱ ሻሚላን ይፈልጋል። መስመሩ ግን ያው የምናውቀው ነው።

ለምሳሌ ኡቡንቱ 24.04ን እንውሰድ። ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ይህን አንድ ፋይል ለማውረድ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። ሃያ ተማሪ በዚያው መስመር ለየብቻው ቢያወርደው 120 ጊጋባይት ይሆናል፤ ጊዜው ደግሞ ያለማቋረጥ አምስት ቀን ተኩል። አንዱ አውርዶት ለሌሎቹ በግቢው ውስጥ ቢያካፍል ግን የውጭው መስመር የሚሸከመው 6 ጊጋባይት ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሁለተኛ ክፍል በዚህ ላይ ያተኩራል። መጀመሪያ ግን ከውጭ የሚመጣውን እናስተካክል።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው። ቢትቶረንትን ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራም ጻፊ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲያወጣው ሐሳቡ ለወሎ ገበሬ ልጅ እንግዳ አልነበረም፤ ወንፈል ነው። ከአንድ ድረ ገጽ በቀጥታ ማውረድ እንደ ድግስ ነው፤ አንድ ቤት ሁሉን ያበላል፣ ሰዉ ሲበዛ ወጡ ይቀጥናል። ቶረንት ግን ፋይሉን በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍሎ አንዱ ያለውን ለሌላው እንዲሰጥ ያደርጋል። ዛሬ አንተ ለእኔ ታርሳለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ። ፕሮግራሙ በየ10 ሰከንዱ «ማን ነው የሚሰጠኝ?» እያለ ይመዝንና ለሚሰጡት ቅድሚያ ይሰጣል። በየ30 ሰከንዱ ደግሞ ገና ምንም ያልሰጠ አንድ እንግዳ መርጦ ይሞክረዋል፤ አለዚያ አዲስ ገቢ መቼም አይጀምርም ነበር። ሙሉውን ፋይል ይዞ የሚያካፍለው ሲደር ይባላል፤ ገና እያወረደ ያለውን ፒር እንበለው። ከዚህ በታች ለምሳሌ የምንጠቀመው ኪውቢትቶረንትን ነው፤ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለበትም። ሌላ ፕሮግራም ያላችሁም ተመሳሳዩን ቅንብር ታገኙታላችሁ።

ቅንብር ከመነካካታችሁ በፊት ግን ፋይሉ ራሱ በሕይወት መኖሩን እዩ። ከሚመጡልን «ችግሮች» ውስጥ ብዙው እዚህ ላይ ያልቃል። የሲደር ቁጥር 0 ከሆነ፣ «አቬይላቢሊቲ» የሚለው ቁጥርም ከ1 በታች ከሆነ፣ አሁን በመስመር ላይ ያሉት ሰዎች ቁራጮቻቸውን ሁሉ ቢያዋጡ እንኳ ፋይሉ ሙሉ አይሆንም። 0.87 ላይ ከሆነ 87 በመቶ ላይ ይቆማል ማለት ነው። የዚህን መፍትሔ በቅንብር ውስጥ አታገኙትም፤ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነው። ማግኔት ሊንክ ከፍታችሁ «ዳውንሎዲንግ ሜታዳታ» ላይ ከተቸነከረ ደግሞ ከታች ባለው መስመር ላይ «ዲኤችቲ» የሚለውን ተመልከቱ። ዲኤችቲ ፒሮች ያለ ማዕከል እርስ በርስ የሚፈላለጉበት መንገድ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ቁጥሩ ወደ መቶዎች ካልወጣና 0 ላይ ከቀረ ዩዲፒ የሚባለው የመልእክት ዓይነት ተዘግቷል ማለት ነው፤ ወይ ፋየርዎሉ ወይ ኔትወርኩ ዘግቶታል። ያን ጊዜ ከማግኔት ይልቅ የቶረንት ፋይሉን ራሱን አውርዳችሁ ክፈቱት፤ በውስጡ የትራከር አድራሻ ስላለ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

አንድ የተረሳ ነገርም አለ፤ የላፕቶፑ ቀን። ባትሪዋ ያለቀ አሮጌ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቀኑ ሲሳሳት የተመሰጠሩ አድራሻዎች የምስክር ወረቀታቸው «ገና አልጸናም» እየተባለ ውድቅ ይሆናሉ፤ ትራከሩም አይመልስም። ብሮውዘሩም በዚያው ሰዓት እምቢ ሲል ካያችሁ መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። የቴሌ ጥቅል የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያሳየው በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 8 ሜጋቢት የተባለ መስመር በፕሮግራሙ ላይ 1 ሜጋባይት ካሳየ ምንም የጎደለ ነገር የለም፤ ሙሉውን እየወሰደ ነው። «ስምንት ብለውኝ አንድ ሰጡኝ» ብሎ የሚከራከር ወንድም ከዚህ በኋላ እንዳይገጥመን!

የምር ዝግ ካለ ግን በብዛት ጥፋተኛው የሰዉ ጥርጣሬ የማይደርስበት ነገር ነው፤ የሚላከው እንጂ የሚወርደው አይደለም። ፋይል ስናወርድ ለእያንዳንዱ የሚደርሰን ክፍል «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ መልስ ወደ ኋላ እንልካለን። የመላኪያ መስመራችን ደግሞ ከማውረጃው ይልቅ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ቶረንቱ ያን ጠባብ መንገድ ለሰው በማካፈል ሲሞላው «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ወረፋ ይጠብቃል፤ ላኪው መልስ ስላላገኘ ይቀንሳል፤ ማውረዱም ይወድቃል። የዶርሙ ሰው «ኢንተርኔት ጠፋ» የሚለውም በዚሁ ነው፤ የእሱም መልእክት በዚያው በር ነው የሚወጣው።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። ቶረንቱን አቁማችሁ ፍጥነት ለኩ። መላኪያው 1 ሜጋቢት ከሆነ 125 ኪሎባይት ማለት ነው። ከዚያ 80 በመቶውን፣ ማለትም 100 ያህሉን፣ «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ስፒድ» ገብታችሁ በ«አፕሎድ» ሳጥን ውስጥ ጻፉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ለማንም አልልክም» ብሎ 0 የሚጽፍ አለ። በዚህ ፕሮግራም 0 ማለት ገደብ የለሽ ማለት ነው! ዝጋ ያሉት በር ወለል ብሎ ይከፈታል። 1 ወይም 2 ብሎ ማነቅም አይጠቅምም፤ በወንፈሉ ሕግ የማይሰጥ አይሰጠውም። በሞባይል ጥቅል የምትጠቀሙ ደግሞ የምትልኩትም ከጥቅላችሁ እንደሚቆረጥ አትርሱ። 6 ጊጋባይት አውርዳችሁ ያንኑ ያህል ብታካፍሉ 12 ጊጋባይት ሄደ። በ«ቢትቶረንት» ገጽ ላይ «ሬሾ» ሲደርስ እንዲያቆም ማድረግ ይቻላል። በብር የገዛ ሰው ዝቅ ያድርገው፤ ሞልቶ የተረፈው ያብዛ።

ቀጥሎ የግንኙነት ብዛት። ኪውቢትቶረንት ሲጫን በጠቅላላ 500፣ ለአንድ ቶረንት 100 ግንኙነት ይፈቅዳል። ይህ ለጥሩ መስመር ነው። ርካሽ ራውተርና የስልክ ሆትስፖት እያንዳንዱን ግንኙነት በትንሽ ሠንጠረዥ ይመዘግባሉ፤ ሠንጠረዡ ሲሞላ ራውተሩ ይደነዝዛል፣ ገጽ አይከፈትም፣ አጥፍታችሁ ስታበሩት ለአሥር ደቂቃ ይሠራና እንደገና ይደነዝዛል። ይህ ምልክት ካለ «ኮኔክሽን» ገጽ ላይ ጠቅላላውን ወደ 100፣ የአንዱን ወደ 40 አውርዱ። ግንኙነት ሲበዛ ፍጥነት ይጨምራል የሚለው ወሬ ለደካማ መስመር ተገላቢጦሽ ነው። እዚያው ላይ ሳለን «ኪውድ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ የተደናገጣችሁ፣ ችግር አይደለም፤ ወረፋ ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ሦስት ብቻ ያወርዳል። በእኛ መስመር አንድ ቢሆን ይሻላል፤ አምስቱ ግማሽ ግማሽ ከሚሆኑ አንዱ ዛሬ ማታ ይለቅ።

ከታች በኩል ያለችውን ምልክት ያስተዋላችሁ ታውቃላችሁ፤ አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው፤ ቢጫ ነበልባል ከሆነ ግን ከውጭ ወደ እናንተ የሚገባ ሰው የለም ማለት ነው። እናንተ ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ፣ ሌላው ግን በራችሁን አያገኘውም። ሁለት በራቸው የተዘጋ ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው አይገናኙም። ብዙ መመሪያ እዚህ ላይ «ፖርት ክፈት» ብሎ ያልፋል። በእኛ አገር ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በሩ የእናንተ ነው ወይ የሚለው ነው። የራውተራችሁን ገጽ ክፈቱና የውጭ አድራሻውን እዩ። በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ እናንተና ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ትጋራላችሁ። የሞባይል ዳታ በአብዛኛው እንዲህ ነው። እንደ አፓርታማ ቁጠሩት፤ የክፍላችሁን በር ብትከፍቱም የግቢው ዘበኛ እንግዳውን አያስገባም። በዚህ ጊዜ ፖርት ለመክፈት ሌሊቱን ማደር ድካም ብቻ ነው፤ ቢጫዋን ምልክት ትታችሁ ሲደር የበዛበትን ፋይል ምረጡ። አድራሻው የእውነት የእናንተ ከሆነ ግን በ«ኮኔክሽን» ገጽ ላይ «ዩፒኤንፒ»ን አብሩ፤ ዊንዶውስ ፋየርዎል ሲጠይቅም ፍቀዱለት። ያ ነው ሥራው።

ምስጠራን «ሪኳየር» ላይ አድርጉ የሚል ምክርም ይዞራል። ያንን ስታደርጉ ምስጠራ የማይጠቀሙትን ፒሮች በሙሉ ትገፋላችሁ፤ «አላው» ላይ ይቆይ።

የግቢው ዋይፋይ ቶረንትን ከዘጋስ? ይህን ጥያቄ በሹክሹክታ የሚጠይቁን አሉ፤ መልሳችን ግን በአደባባይ ነው። ያ መስመር የሁላችንም አማና ነው። አንድ ላፕቶፕ በመቶ የሚቆጠር ግንኙነት ከፍቶ ሲያድር በዚያው ሰዓት ኮርስ መመዝገብ ያቃተው፣ ማመልከቻው ያልተላከለት ሌላ ተማሪ አለ። ስለዚህ መዘጋቱን ለመስበር መንገድ አንጽፍም። ለትምህርት የሚያስፈልግ ትልቅ ፋይል ካለ የአይሲቲ ክፍሉን አንድ ጊዜ እንዲያወርድልን መጠየቅ ይቻላል። በራሳችሁ ጥቅል የምታወርዱ ደግሞ የሌሊት ጥቅልን ከፕሮግራሙ የጊዜ ሠሌዳ ጋር አስተባብሩ። «ስፒድ» ገጽ ላይ ሌላ የፍጥነት ገደብ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ መወሰን ይቻላል። ሰዓቱ ግን የፈረንጅ ነው። የእኛ ሌሊት 6 ሰዓት የእሱ 00:00 ነው። 6:00 ብሎ የሞላ ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀምርለታል፤ ያኔ የሌሊት ጥቅሉ አልፏል። ላፕቶፑ በመሐል እንዳይተኛም ቅንብሩ ውስጥ እንቅልፍ የሚከለክለውን ምረጡ።

እንግዲህ ወደ ተወደደው ክፍል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ተማሪው የተማረው አንድ ነገር ቢኖር ፋይል ለመጋራት ኢንተርኔት የግድ አለመሆኑን ነው። ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ አንድ ሰው በሐርድ ዲስክ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ሥራ ነው። በፍላሽ አንድ በአንድ መቀባበል ይቻላል፤ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ ቫይረሱም አብሮ ይጓዛል። ቶረንት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ስንላችሁ የማታምኑ አላችሁ። ይሠራል።

አሠራሩ ይህ ነው። ፋይሉ ያለው ሰው «ቱልስ» ውስጥ «ቶረንት ክሪኤተር»ን ከፍቶ ለማኅደሩ የቶረንት ፋይል ይሠራል፤ ትራከር አያስፈልግም። ያቺ ፋይል ብዙ ጊዜ በኪሎባይት የምትቆጠር ስለሆነች በማንኛውም መንገድ ለሁሉም ትደርሳለች። ከዚያ ሁሉም በአንድ ዋይፋይ ላይ ይገናኛሉ። «ቢትቶረንት» ገጽ ላይ «ሎካል ፒር ዲስከቨሪ» መብራቱን አረጋግጡ፤ ይህ በአንድ ኔትወርክ ያሉ ፕሮግራሞች «እኔ ይህን ፋይል ይዣለሁ» ብለው የሚጣሩበት ነው። አንዱ ከሲደሩ የመጀመሪያውን ቁራጭ ሲወስድ ሌላው አሥረኛውን ይወስዳል፤ ከዚያ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ።

ካልተገናኙ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። አንደኛ ቪፒኤን። ተማሪው ለምዶት ሁሌ እንደበራ ይተወዋል፤ ቪፒኤን ሲበራ መልእክቱ በሙሉ ወደ ሩቅ ስለሚላክ ጎን ያለው ላፕቶፕ አይታይም። አጥፉት። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ አዲሱን ዋይፋይ «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፋየርዎሉ ጎረቤትን አያስገባም። የምታምኑት የራሳችሁ ሆትስፖት ከሆነ «ፕራይቬት» አድርጉት። ሦስተኛ፣ የካፌና የተቋማት ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ተጠቃሚዎችን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይለያል፤ ለደኅንነት ተብሎ ነው። በዚያ ላይ ምንም ብታደርጉ አይሆንም፤ በስልክ ሆትስፖት ተገናኙ። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተጣሩ በእጅ ማስተዋወቅ ይቻላል። ሲደሩ በጥቁሩ መስኮት «አይፒኮንፊግ» ጽፎ አድራሻውን ያያል፤ ሌላው ቶረንቱን መርጦ በ«ፒርስ» ሠንጠረዥ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጎ «አድ ፒርስ» ውስጥ ያንን አድራሻና የፖርቱን ቁጥር ያስገባል። ከብዙ ልፋት በኋላ ይህ ብቻውን የፈታቸው አሉ።

ተገናኝተው ዝግ ካለስ? «ስፒድ» ገጽ ላይ «በላን ላይ ላሉ ፒሮችም ገደቡ ይሥራ» የሚል ምርጫ አለ። ቅድም ለውጭው መስመር ያስቀመጣችሁት 100 ኪሎባይት ገደብ በዚህ ምክንያት ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ላፕቶፖች መካከል ይሠራል። ምልክቱን አንሡት። ሌላው ምክንያት የሬዲዮው ነው። ሁለት ላፕቶፕ በአንድ ሆትስፖት በኩል ሲነጋገሩ እያንዳንዱ ቁራጭ አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ የዶርሙ ስልክ ሁሉ ይጫጫናል። ስልካችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ሆትስፖቱን ወደዚያ ቀይሩት፤ ርቀቱ ያጥራል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ግን በጣም ይፈጥናል። በሰከንድ 40 ሜጋቢት ብቻ ብታገኙ እንኳ ያ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የፈጀው ኡቡንቱ በ20 ደቂቃ ያልቃል። ሆትስፖቱን ከማብራታችሁ በፊት የስልኩን ዳታ ማጥፋት ግን ግዴታ ነው። አለዚያ የተገናኙት ላፕቶፖች ሁሉ «ኢንተርኔት አገኘን» ብለው የዊንዶውስ ማሻሻያቸውን ከአንዱ ምስኪን ጥቅል ላይ መጎተት ይጀምራሉ።

ስልክ ለስልክ በዜንደር ወይም በሎካልሴንድ የምትላላኩም ሕጉ አንድ ነው፤ ቪፒኤን ይጥፋ፣ ዳታ ይጥፋ። በአንዳንድ አንድሮይድ ላይ «ሎኬሽን» ካልበራ ዋይፋይ መፈለግ ስለማይፈቀድ ዜንደር ጎረቤቱን አያየውም፤ ብዙ ሰው ስልኩ ተበላሸ የሚለው በዚህ ነው።

የሚጋራው ምን እንደሆነ ግን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ኡቡንቱ፣ ሊብሬኦፊስ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበው የኪዊክስ ዊኪፒዲያ፣ አዘጋጆቻቸው ራሳቸው በቶረንት ያቀርቧቸዋል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ያሉ ብዙ ኪታቦችና የድምፅ ደርሶችም የቶረንት አማራጭ አላቸው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ገና በመደብር የሚሸጥ መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መገልገያ የሚሆን ቅጂን በተወሰነ ሁኔታ ይፈቅዳል። ቶረንት ግን ለራስ መቅዳት ብቻ አይደለም፤ እያወረዳችሁ ባላችሁበት ቅጽበት ለሌላ እያሰራጫችሁ ነው። የሰው ሐቅ ነውና በጀመዓው ኮምፒውተሮች ላይ እንዲህ ያለውን አንጭንም፤ የኡስታዞቻችን ደርስም ቢሆን ፈቃዳቸው ከተጠየቀ በኋላ ነው የሚገባው።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። መብራት በድንገት ጠፍቶ ፋይሉ «ኤረር» ካለ አትሰርዙት፤ ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፎርስ ሪቼክ» በሉት። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቁራጭ ከመለያው ጋር አመሳክሮ የተበላሸውን ብቻ ዳግም ያወርዳል። በፍላሽ ላይ በቀጥታ የምታወርዱ ደግሞ 4 ጊጋባይት ላይ ሲቆምባችሁ ፍላሹ ሞልቶ አይደለም፤ ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ፍላሹን በኤክስፋት አዘጋጁት፤ ስታዘጋጁት በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በዚህ ሴሚስተር የምናካፍለው የመውጫ ፈተና ማኅደር ውስጥም ከዚያ የሚበልጡ ሁለት ቪዲዮዎች ስላሉ፣ ፍላሻችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጅታችሁ ኑ።